የሰፈራቸውን ጭስ ያጠኑ ተማሪዎች



  በዛሬው ዝግጅታችን የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎችን ታሪክ ይዘንላችሁ ቀርበናል። እነዚህ ተማሪዎች በሰፈራቸው አጠገብ ምን ሊሠራ እንደታቀደ ሰሙ፤ ሰምተውም ዝም አላሉም። ቤት ለቤት እየዞሩ ጎረቤቱን ጠየቁ፣ ሰነድ አገላበጡ፣ ያገኙትንም በግጥም፣ በዜማ፣ በቀለምና በቪዲዮ አድርገው በአደባባይ አሳዩት። ታሪኩ የሌላ አገር ሕዝብ ታሪክ ነው። ይሁን እንጂ ልጅ ያለው ሁሉ የሚጋራው ጉዳይ አለበት፤ ልጆቻችን የሚተነፍሱት አየር ጉዳይ ማለታችን ነው።

ነገሩ የተፈጸመው በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት፣ በባልቲሞር ከተማ ነው። ሜሪላንድ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ስም አይደለም። በሲልቨር ስፕሪንግና በዙሪያው ዘመድ ያላችሁ ብዙ ናችሁ። ባልቲሞር ከዚያ በመኪና መንገዱ ካልተጨናነቀ አንድ ሰዓት አታስኬድም። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ፣ የኛ መሆናቸውን ካልገለጽን በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናሳስባለን።

ከርቲስ ቤይ ይባላል ሰፈሩ። በከተማይቱ ደቡባዊ ጫፍ፣ በወደቡ ዳር የሚገኝ የሠራተኞች ሰፈር ነው። ከመኖሪያ ቤቶቹ ብዙ ሳይርቅ ከማዕድን ማውጫ በባቡር የሚመጣ የድንጋይ ከሰል በአየር ላይ ተከምሮ መርከብ ይጠብቃል፤ ክምሩ ጥቁር ኮረብታ ያክላል። በዚያው አካባቢ የነዳጅ ማጠራቀሚያዎች፣ የኬሚካል ፋብሪካዎች፣ የከተማው ቆሻሻ መጣያና የፍሳሽ ማጣሪያ ይገኛሉ። ከየሆስፒታሉ የሚሰበሰብ ቆሻሻ የሚቃጠልበትም ድርጅት አለ፤ የዚህ ድርጅት ባለቤቶች በ2023 ሕግ መጣሳቸውን በፍርድ ቤት አምነው ተቀጥተዋል። ዋግነርስ ፖይንት የሚባለው ጎረቤት መንደር ደግሞ በ1990ዎቹ መጨረሻ ነዋሪዎቹ ቤታቸው እየተገዛ እንዲነሡ ተደርጎ ባዶውን ቀርቷል። መንደሩን ፋብሪካ ከበበው፤ በመጨረሻም ፋብሪካው ሳይሆን ሰዉ ወጣ።

በዚህ ሁሉ ላይ ነው እንግዲህ አዲሱ ዕቅድ የመጣው። በ2010 የግዛቲቱ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን በቀን 4,000 ቶን ቆሻሻ እያቃጠለ 160 ሜጋ ዋት የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያመነጭ ተቋም እንዲገነባ ፈቀደ። ግንባታው ቢጠናቀቅ በአሜሪካ ካሉት ከሁሉም ታላላቆቹ አንዱ ይሆን ነበር። ቦታው ከሁለት ትምህርት ቤቶች አንድ ማይል እንኳ አይርቅም፤ ከሁለቱ አንዱ የትንንሽ ልጆች፣ ሌላው ቤንጃሚን ፍራንክሊን የተባለው ሁለተኛ ደረጃ ነው። በተሰጠው ፈቃድ መሠረት ተቋሙ በዓመት እስከ 240 ፓውንድ ሜርኩሪና እስከ 1,000 ፓውንድ ሊድ ወደ አየር መልቀቅ ይችል ነበር። በኛ መለኪያ ወደ 109 ኪሎ ሜርኩሪና ወደ 454 ኪሎ ሊድ መሆኑ ነው።

ልብ በሉ፣ ይህ በስውር የተሠራ አልነበረም። ሁሉም በወረቀት ሰፍሯል፤ ፊርማና ማኅተም አርፎበታል። ዳሩ ግን ወረቀቱ «የኃይል ማመንጫ» ነው የሚለው። በ2011 ደግሞ የግዛቲቱ ሕግ ቆሻሻ አቃጥሎ የሚገኝን ኃይል ከነፋስና ከፀሐይ ኃይል ተርታ አሰለፈው። እንግዲህ «ታዳሽ ኃይል» የሚል ስም የተሰጠውን ነገር ማን ይቃወማል? ስም ብዙ ነገር ይሸፍናል።

ስለነዚህ ነገሮች ጠባይ ጥቂት ማለት ይኖርብናል፤ ቁጥሩን ብቻ ተናግረን ብናልፍ ለእናቶችና ለአባቶች የሚጨብጡት ነገር አይሆንም። ሊድ ማለት በተለምዶ እርሳስ የምንለው ብረት ነው። ወደ ሰውነት ሲገባ ካልሲየምን መስሎ ነው። አጥንቱና አእምሮው ገና በማደግ ላይ ያለ ሕፃን ካልሲየም አጥብቆ ስለሚያስፈልገው ሰውነቱ በሩን ከፍቶ ይቀበላል፤ ሊዱም በዚያው በር ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሕፃናት ከአንድ ዓይነት ምንጭ በአፋቸው የገባውን ሊድ ከአዋቂ ሰው 4 እና 5 እጥፍ አድርገው ወደ ደማቸው ያስገባሉ። ጉዳት አያደርስም ተብሎ የተረጋገጠ መጠን የለውም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ምልክቱ አለመታየቱ ነው። ልጁ አያተኩሰውም፣ አያስመልሰውም። ትምህርት አልገባ ይለዋል፣ አንድ ቦታ መቀመጥ ያቅተዋል፣ በትንሹ ይቆጣል። መምህሩ «ረባሽ» ይለዋል፤ እናቱም «ሰነፍ» ትለዋለች። ባልቲሞር ለዚህ ችግር አዲስ አይደለችም። ሊድ ያለበት ቀለም በቤት ውስጥ እንዳይቀባ የከለከለችው ገና በ1951 ሲሆን፣ አገሪቱ በሞላ የከለከለችው ከ27 ዓመት በኋላ በ1978 ነው። ያም ሆኖ በአሮጌ ቤቶች ግድግዳ ላይ የቀረው ቀለም እየተፈረፈረ ስንቱን ልጅ ጎድቷል። አሁን ደግሞ ከላይ በአየር ሊጨመርበት ነው።

ሜርኩሪ በበኩሉ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ከጭስ ማውጫው ወጥቶ በዝናብ ወደ ወንዝና ወደ ባሕር ይወርዳል፤ በጭቃው ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ወደ ባሰ መርዝ ይለውጡታል፤ ትንሹ ዓሣ ይበላዋል፣ ትልቁ ዓሣ ትንሹን ይበላል፤ በየደረጃው እየተጠራቀመ ሄዶ እርጉዝ ሴት ማዕድ ላይ ይደርሳል፤ ከእሷም ወደ ፅንሱ አንጎል። ከነዚህ ሌላ ከማንኛውም ቃጠሎ የሚወጣ እጅግ ደቃቅ ብናኝ አለ። ከሰው ፀጉር ውፍረት 30 ጊዜ ያህል የሚያንስ ስለሆነ አፍንጫም ጉሮሮም አያስቀረውም፤ ሳንባን አልፎ ደም ውስጥ ይገባል። አስም ያለበትን ልጅ ሌሊት ከእንቅልፉ ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አንዱ እሱ ነው። አስም የያዘው ልጅ ያላችሁ ወላጆች ያችን ሌሊት ታውቋታላችሁ።

ወደ ተማሪዎቹ እንመለስ። በ2012 የቤንጃሚን ፍራንክሊን ተማሪዎች አንድ ቴአትር እንዲያዩ ተወሰዱ። ቴአትሩ ኖርዌያዊው ሄንሪክ ኢብሰን በ1882 የጻፈው «የሕዝብ ጠላት» ነው። በፍል ውኃ መታጠቢያዋ የምትተዳደር ትንሽ ከተማ አለች፤ ሐኪሟ ውኃው መበከሉን ይደርስበታል፤ ይህን ስለተናገረ ግን የከተማው ሰው እንጀራችንን ልትዘጋ ነው ብሎ በጠላትነት ይነሣበታል። ልጆቹ ከቴአትሩ ወጥተው የገዛ ሰፈራቸውን ማየት ጀመሩ። ስለታቀደው ማቃጠያም ያወቁት በዚያን ጊዜ ገደማ ነው። ከመካከላቸው ዴስቲኒ ዋትፎርድ የምትባል የ17 ዓመት ልጅ ነበረች። «ድምፅህን ነፃ አውጣ» የሚል ትርጉም ባለው ስም ቡድን መሠረቱ። ያገዟቸው መምህራንና በሰፈሩ የሚሠራ የሠራተኞች ማኅበር ነበሩ፤ ሥራው ግን የልጆቹ ነው።

የመጀመሪያ ሥራቸው በር ማንኳኳት ነበር። ስለ ማቃጠያው የምታውቁት ነገር አለ? ጤናችሁስ እንዴት ነው? አብዛኛው ሰው ስለ ዕቅዱ አልሰማም። የሰማውም ቢሆን እኛ ምን ማድረግ እንችላለን የሚል ነው። እኛ ይህን ራሱን እንደ ትልቅ የጥናት ውጤት እናየዋለን። ፈቃዱ ከተሰጠ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ጭሱን የሚተነፍሰው ሰው ግን አያውቅም። ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ያስፈለገው ሰላምታ መስጠት፣ መጠየቅና የተባለውን በትክክል መጻፍ ነው። ለዚህ ደግሞ የሰፈሩ ልጅ ከሩቅ ከመጣ ባለሙያ ይቀላል። ከሩቅ የመጣውን ሰው በበር ሰንጥቅ ነው የሚያዩት፤ የጎረቤትን ልጅ ግን ግባ ይሉታል።

ቀጥለው ወደ ሰነዱ ገቡ። የፈቃዱን ወረቀት አነበቡ፣ ስለ ሜርኩሪና ስለ ሊድ አጠኑ፣ የሰፈሩንም የቀድሞ ታሪክ መረመሩ። በመጨረሻም ከሁሉም የበለጠችውን ጥያቄ አነሡ፦ የሚመነጨውን ኃይል ማን ነው የሚገዛው? ገዢ የሌለው ዕቃ አይመረትም። ፈልገው ሲደርሱበት ኃይሉን ለመግዛት አስቀድመው የተዋዋሉ 22 የሕዝብ ተቋማትና ድርጅቶች ነበሩ። ከነሱም መካከል የባልቲሞር ከተማ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ይገኙበታል። ሱብሐነላህ! እነሱኑ የሚያስተምረው ተቋም፣ ሳንባቸውን የሚጎዳውን ጭስ በገንዘቡ ሊደግፍ ነበር ማለት ነው። የትምህርት ቦርዱ በክፋት ያደረገው አይመስለንም። በርካሽ ኃይል መግዛት ለበጀት ጥሩ ነው፤ ውሉን የፈረመው ሰው ጭሱ የት እንደሚወርድ የሚያሳይ ካርታ ከፊቱ አልነበረም። ካርታውን ያመጡለት ልጆቹ ናቸው።

በ2014 በቦርዱ ስብሰባ ላይ ቀረቡ። የእንዲህ ዓይነት ስብሰባ ወጉ የታወቀ ነው፤ ለተናጋሪ ጥቂት ደቂቃ ይሰጣል፣ ተናጋሪው ከወረቀት ያነባል፣ ሊቀ መንበሩ አመስግኖ ወደ ሚቀጥለው አጀንዳ ያልፋል። ልጆቹ ያገኙትን ቁጥር ዘረዘሩ፣ በእጃቸው የሠሩትን ሥዕል አሳዩ፤ ከዚያም ራሳቸው የደረሱትን ራፕ አቀረቡ። የቦርዱ አባላት ከወንበራቸው ተነሥተው አጨበጨቡላቸው። ጭብጨባ በርግጥ ውሳኔ አይደለም፤ ልጆቹም ይህን አልዘነጉም። ደጋግመው ሄዱ፣ ሌሎቹንም ገዢዎች አንድ በአንድ ጠየቁ። በ2015 መጀመሪያ ትምህርት ቤቶቹ ከውሉ ወጡ፣ ሌሎቹም ተከተሉ። የዚያው ዓመት ዲሴምበር ከሁለት መቶ የሚበልጡ ሰዎች ወደ ግዛቲቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ሄደው ፈቃዱ ይሰረዝ አሉ፤ ሰባት ሰዎች ታሰሩ። የሕጉን ነጥብ ይዘው ነበር፤ ግንባታው ለ18 ወራት ከተቋረጠ ፈቃዱ ይወድቃል፣ ግንባታው ደግሞ ከ2013 ጀምሮ ቆሟል። በማርች 2016 መሥሪያ ቤቱ ፈቃዱ መውደቁን አስታወቀ። በሚቀጥለው ወር ዴስቲኒ ዋትፎርድ፣ ያን ጊዜ የ20 ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ለአካባቢ ጥበቃ የሚሰጠውን የጎልድማን ሽልማት ተቀበለች።

አንዳንድ ሰው «ታዲያ ዘፈኑና ሥዕሉ ምን አስፈለገ? ቁጥሩ አይበቃም ነበር?» ሊል ይችላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። የምርምር ሥራዎች ብዙውን ጊዜ ወዴት እንደሚሄዱ እናውቃለን። አጥኚዎች ይመጣሉ፣ መጠይቅ ያስሞላሉ፣ ይሄዳሉ። ውጤቱ በባዕድ ቋንቋ ታትሞ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ መልሱን የሰጠችው እናት ምን እንደተገኘ ሳትሰማ ትቀራለች። ይህ በእኛ አስተያየት አማና ማጉደል ነው፤ ከሰው የተወሰደ ነገር ወደ ሰዉ መመለስ ነበረበት። ማንበብ ለማይችለው፣ ጊዜ ለሌለው፣ ከሥራ ደክሞ ለሚገባው ሰው የሚመለሰው ደግሞ በሚያልፍበት መንገድ ላይ በሚያየውና በሚሰማው ነገር ነው። ግድግዳ መግቢያ አይጠይቅም።

ይህን አስቀድመው ያሰቡበት ነበሩ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ካሮሊን ዋንግና ሜሪ አን በሪስ የተባሉ ሁለት ሴቶች በቻይና ዩናን ክፍለ ሀገር ለ62 የገጠር ሴቶች ካሜራ ሰጥተው ሕይወታችሁንና ጤናችሁን ራሳችሁ አንሥታችሁ አሳዩን አሏቸው። ዘዴው «ፎቶቮይስ» ተባለ፤ ፎቶው ድምፅ ይሆናል እንደ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር በወጣቶች እጅ ገብቷል። ደንብ አለው፤ ሰውን ሳያስፈቅዱ ማንሣት የለም፤ ፎቶውም ብቻውን አይሰቀልም፣ ያነሣው ሰው ለምን እንዳነሣው ይናገራል።

ደግሞ «ሥዕሉና ዜማውስ በሸሪዓ እንዴት ይታያል?» የሚል ቤተሰብ አይጠፋም። ሕይወት ያለውን ነገር ስለ መሳልና ስለ ሙዚቃ መሣሪያ ዑለሞቻችን የሚሉትን ከነሱው መስማት ይሻላል፤ በዚህች አጭር ሰዓት የምንገባበት ጉዳይ አይደለም። ለዚህ ሥራ ግን የሰው ፊት መሳል ግድ አይልም። የሰፈር ካርታ፣ የጭስ ማውጫ ግንብ፣ በትልቁ የተጻፈ አንድ ቁጥር በቂ ነው፤ የአረብኛና የግዕዝ ፊደል ራሱ ውብ ሥዕል መሆኑን ማን ይክዳል? ዜማውም ቢሆን ወሎን የመሰለ የመንዙማ አገር ያለን ሰዎች ነን። ቁርኣን ቤት ያልገባ የገጠር ሰው ብዙ ነገር ያወቀው በመንዙማ ነው። ነሺዳ የሚያዜሙ ልጆች በየመድረሳው ሞልተዋል፤ ስለ ሰፈራቸው ንጽሕና አንድ ቢደርሱ የሚከለክላቸው አናይም። ከመንገድ ላይ ጎጂን ነገር ማስወገድ ከኢማን ክፍል መሆኑን ለናንተ መንገር አያስፈልገንም።

ነገር ግን ቅደም ተከተሉ አይምታታ። መጀመሪያ ማጥናት፣ ከዚያ ማሳየት። በኛም አገር ትምህርት ቤቶች የጸረ ኤድስ ክበባት ምን ያህል ድራማና ግጥም እንዳቀረቡ፣ በየግንቡ ላይ ምን ያህል ሥዕል እንደሳሉ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። መልካም ሥራ ነበር፤ ብዙ ሰው አስተምሯል። ልዩነቱ እነዚያ ልጆች ከላይ የተሰጣቸውን መልእክት ነበር የሚያስተላልፉት። የባልቲሞሮቹ ግን መልእክቱን ራሳቸው ፈልገው አገኙት፤ ስለዚህም ቦርዱ ሲጠይቃቸው መልስ ነበራቸው። ያልተጠና ነገር በሥዕል ቢያምር ግድግዳውን ከማስጌጥ አያልፍም፤ አንዳንዴም ሐሰት ይሆናል።

ጥናት ደግሞ የምንወደውን ብቻ አይነግረንም። በኒውዮርክ ብሩክሊን፣ ዊልያምስበርግ በሚባለው ሰፈር፣ በ1982 የተመሠረተ ኤል ፑንቴ የተባለ የወጣቶችና የሰፈር ድርጅት አለ። ከተበከለ አየር ጋር ለብዙ ዓመታት የታገለ ነው። በ1999 የአስምን ሁኔታ ለማወቅ የቤት ለቤት ጥናት አካሄደ። ውጤቱ ያልጠበቁት ሆነ፦ በአንድ ሰፈር እየኖሩ፣ አንድ አየር እየተነፈሱ፣ ከፖርቶ ሪኮ የመጡ ቤተሰቦች የአስም መጠን ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ ከመጡት ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ጥፋቱ ሁሉ የአየሩ ነው ለሚል ሰው ይህ አይመችም። ድርጅቱ ግን አልደበቀውም፤ በ2000 በታወቀ የሕክምና መጽሔት ታተመ። እንዲህ ያለውን ሰው ነው በሌላም ነገር የሚያምኑት።

የባልቲሞሮቹ ድል ሙሉ ነበር ብንል ደግሞ እናጋንናለን። የማቃጠያው ደጋፊዎች ሥራ ይከፈታል ይሉ ነበር፤ ሥራ ለተቸገረ ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም፣ አባወራው ልጄ ከሚራብ ጭሱን እችላለሁ ቢል አይፈረድበትም። ደግሞስ ያልተቃጠለው ቆሻሻ የት ይሂድ? በዚያችው ከተማ ከ1985 ጀምሮ የሚሠራ ሌላ ማቃጠያ ነበረ፤ ብዙ ነዋሪዎች ቢቃወሙም ከተማው በ2020 ውሉን እስከ 2031 አራዘመው።

ይህ ጥያቄ ለአዲስ አበባ ሰው ባዕድ አይደለም። መጋቢት 2 ቀን 2009 በኛ አቆጣጠር ቆሼ ላይ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች አልቀዋል። በሚቀጥለው ዓመት በነሐሴ ወር፣ እዚያው ረጲ ላይ፣ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የተሠራው ፋብሪካ ተመረቀ። ቆሻሻን መከመር ሰው እንደሚገድል በዓይናችን አይተናል፤ ስለዚህ ማቃጠል ሁሉ ክፉ ነው ብለን ከዚህ ወንበር ላይ አንፈርድም። የምንለው ሌላ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በአጠገቡ ያለ ሰፈር ውስጥ ስንት ልጅ እንደሚያስል፣ ሽታው በየትኛው ሰዓት እንደሚበረታ፣ ክረምት ላይ ጎርፉ በየትኛው ቤት እንደሚያልፍ የሚያውቁት እዚያው የሚኖሩት ናቸው። እነሱን ሳይጠይቁ የተሠራ ወረቀት ጎደሎ ነው።

ልጆቻችሁ ይህን ሰምተው እኛስ ከምን እንጀምር ቢሏችሁ፣ ከገዛ ቤታችሁ ማዕድ ቤት ብትጀምሩ አይከፋም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች በቤት ውስጥ በሚገኝ የማገዶ፣ የከሰልና የመሰለው ጭስ ሳቢያ እንደሞቱ ይገምታል፤ ከነዚህም ከ237,000 የሚበልጡት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። ልጁ ደብተር ይያዝ። ምድጃው ስንት ሰዓት ይነዳል? መስኮቱ ተከፍቷል? በዚያን ሰዓት ማን አጠገቡ ነበር፣ ማን አሳለው? አንድ ወር ከጻፈ በኋላ ወደ ጎረቤት ይሂድ፣ ግን የታማሚን ስም ለሌላ ቤት እንዳያወራ አጥብቃችሁ ንገሩት። የሰው ሕመም ገመና ነው። እናንተ ደግሞ ልጁ «እማዬ፣ ጭሱ ለሕፃኑ አይሆንም» ሲል «አንተ ደግሞ ማን አስተማረህ!» አትበሉት። ደብተሩን ተቀብላችሁ እዩለት።

በከርቲስ ቤይ ያ የድንጋይ ከሰል ክምር እንዳለ ነበር። ዲሴምበር 30 ቀን 2021 በከሰል ማራገፊያው ውስጥ ፍንዳታ ደረሰ፤ የሰፈሩ ቤቶች ተናወጡ፣ ጥቁር ብናኝ በየመንገዱና በየመኪናው ላይ ወረደ። ነዋሪዎቹ ቀድሞም በመስኮታቸው ደፍ ላይ ጥቁር አቧራ በየቀኑ እንደሚጠርጉ ይናገሩ ነበር፤ የሚሰጣቸው መልስ ግን ከሌላ ቦታ የመጣ ይሆናል የሚል ነው። አሁን የዚያው የቤንጃሚን ፍራንክሊን ተተኪ ተማሪዎች ያሉበት ቡድን፣ የሰፈሩ ማኅበር፣ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና በመጨረሻም የግዛቲቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ራሱ አብረው ሠሩ። የአየር መለኪያዎች በሰፈሩ ውስጥ ተተከሉ፤ ከመኖሪያው አካባቢ አቧራ ተሰብስቦ በማይክሮስኮፕ ታየ። በዲሴምበር 2023 የወጣው ዘገባቸው እናቶች ከመስኮታቸው ሲጠርጉት የኖሩት ብናኝ ውስጥ የድንጋይ ከሰል መኖሩን ገለጸ።